ሳንቆም ያለፍነው ሰው

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን የምለው ለትሕትና አይደለም፤ የሚያውቁኝ ሁሉ ይመሰክራሉ። ባጃጅ ፍጥነት ሲጨምር የሹፌሩን ትከሻ ጨምድጄ እይዛለሁ፤ ክፍል ውስጥ እንሽላሊት ከገባ የሚያስወጡልኝ ተማሪዎቼ ናቸው። ውሃ ደግሞ ከሁሉም ይብስብኛል። ከሚሴ ተወልጄ ያደግሁ የደረቅ መሬት ሰው ነኝ፤ ዋና አልችልም፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ከጉልበቴ በላይ ውሃ ውስጥ ገብቼ አላውቅም ነበር። እንዲህ ያለች ሴት በመጋቢት ወር ሸራ የተወጠረበት ታንኳ ላይ ተቀምጣ የጨፋ ረግረግ መሐል ምን ልትሠራ ገባች ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ፣ ጥፋቱ የአጎቴ ነው እላለሁ። እስከ ረፋዱ ድረስ ያለው ጥፋት ማለቴ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የእኔ ነው።

አጎቴ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። ከሃያ ዓመት በላይ አሰብ ወደብ ላይ ጫኝና አውራጅ ሆኖ ሠርቶ፣ ወደቡ ለእኛ ሲዘጋ በአንድ ሻንጣና በአንድ ራዲዮ ከሚሴ ገባ። ገበያው ዳር የሚስማርና የገመድ ሱቅ ከፈተ፤ ኑሮው ክፉ አልነበረም። ልቡ ግን አብሮት አልመጣም። ከሰዓት በኋላ ከቆላው የሚነሣው ነፋስ የገበያውን አቧራ ሲያስነሣ ሰው ሁሉ ፊቱን ይሸፍናል፤ እሱ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ይሄ እኮ የሸራ ነፋስ ነው፣ እዚህ በከንቱ ይባክናል ይል ነበር። ጎረቤቶቹ ሰሙና ሳቁ። ካፒቴን፣ መርከቡ መቼ ነው የሚነሣው እያሉ ይለክፉት ጀመር። እሱም እልህ ያዘውና መርከቡን ሠራ።

መርከብ የምለው ለእሱ ክብር ብዬ ነው። አራት ባዶ በርሜል በባሕር ዛፍ አጣና ላይ በገመድ ጠፍሮ፣ መሐሉ ላይ አንድ ቀጥ ያለ ምሰሶ አቆመ። ሸራው የማዳበሪያ ጆንያ ነበር፤ አሥራ ስድስት ጆንያ ተርትሮ እርስ በርስ በሲባጎ ሰፋቸው። ጽሑፉ ስላልለቀቀ ሸራው ሲወጠር «ከእርጥበት ይጠበቅ» የሚል ከሩቅ ይነበብበታል። ይህን ሳይ የሳቅሁትን ያህል በዚያ ዓመት ስቄ አላውቅም። በአይሱዙ ተጭኖ ጨፋ ሮቢት ሲደርስ የገበያው ሰው እህሉንና ፍየሉን ትቶ ሊያየው ተሰበሰበ አሉ።

እኔ ያን ጊዜ ሳይንስ አስተምር ነበር። ስለ ወፎች ሳስተምር መጽሐፉ ላይ ያሉት ሥዕሎች የሌላ አገር ወፎች ናቸው፤ ልጆቹ አያውቋቸውም፣ እኔም አላውቃቸውም። ጨፋ ግን እዚሁ ቅርባችን ነው፤ በበጋ ከየት እንደመጡ የማይታወቁ ወፎች ረግረጉን ይሞሉታል። አጎቴ ይህን ድካሜን አወቀ። ከዳር ሆነሽ የምታዪው ደንገል ብቻ ነው፣ ወፉ ያለው ውስጥ ነው አለኝ። እምቢ አልኩት። ሦስት ጊዜ እምቢ አልኩት። በአራተኛው፣ አብሮኝ የሚሄድ ሰው አጣሁ እኮ ሲለኝ ድምፁ ከወትሮው ዝቅ አለብኝ። እወደዋለሁ። ልጅ ሳለሁ ከአሰብ በመጣ ቁጥር እኔን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ከሚሴን ከዳር እስከ ዳር የሚያዞረኝ ሰው ነው። እሺ አልኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ ውሃው ዳር ደረስን። የቦርከና ወንዝ እዚያ ጋ መሄዱን ትቶ ይተኛል፤ ሜዳውን ሞልቶ ደንገልና ፊላ ያበቅላል፤ በወዲያኛው ዳር ደግሞ ግራሩና ሾላው እስከ ውሃው ድረስ ወርዶ ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል። በደሴ በኩል፣ በላይኛው አገር፣ ሌሊቱን የበልግ ዝናብ ጥሎ ነበር፤ ሰማዩ አሁንም እንደጠቆረ ነው። ውሃው አጎቴ ባለፈው ሳምንት ለምልክት የተከላቸውን እንጨቶች አልፎ ወጥቷል፤ ቀለሙም የወተት ሻይ መስሏል። እኔ ይህን ሳይ እንመለስ አልኩ። እሱ ጭራሽ ደስ አለው። ውሃ ሲበዛ በርሜሎቹ ጭቃ አይነኩም፣ ደንገሉን ከላይ ከላይ እናልፈዋለን አለኝ። በዚህ ልክ ነበር፤ በሬ በሚሰምጥበት ማጥ ላይ ሳይቀር ታንኳችን እየተንሳፈፈ ያልፍ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ምሰሶውን አቅፌ ተቀመጥሁ። ከሥሬ በርሜሎቹ ጓ ጓ ይላሉ። አጎቴ ከኋላ ቆሞ በረጅም ዘንግ እየገፋ፣ ነፋስ ሲመጣ ሸራውን እያዞረ፣ አንድ የማላውቀውን የዓረብ ዜማ ያንጎራጉራል። ዓይንሽን ግለጪ፣ ለምን መጣሽ ታዲያ አለኝ። ገለጥሁ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፤ ያን ቦታ በአስፋልቱ ላይ በሚኒባስ መቶ ጊዜ አልፌዋለሁ፣ አላየሁትም ነበር። ነጫጭ ሳቢሳዎች በአንድ እግራቸው ቆመው እኛን ከቁብ አልቆጠሩንም። ዝይ ከነጫጩቶቿ ደንገሉ ሥር ገባች። አንገቱ ነጭ፣ ከአገጩ ሥር ሥጋ የተንጠለጠለበት፣ ቁመቱ እኔን የሚያህል ወፍ ከነሚስቱ ቀስ እያለ ሲራመድ አየሁ። ከሾላው ላይ ጉሬዛዎች ጅራታቸውን አንዠርግገው ወደ ታች ያዩናል። በአንድ እጄ ምሰሶውን እንደያዝኩ ደብተሬ ላይ የጻፍኩትን በኋላ ላነበው አልቻልኩም። እየፈራሁ ደስ አለኝ፤ ሁለቱ አንድ ላይ መምጣት እንደሚችሉ ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ደስታው የቆየው አጎቴን ጥያቄ እስክጠይቀው ነው። ዋና እንደሚችል አልተጠራጠርኩም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ባሕር ዳር የኖረ ሰው ነው። ለወጉ ያህል፣ ብወድቅ ታወጣኛለህ አይደል አልኩት።

«ዋና የት ተምሬ?» አለ፣ ዓይኑን ከሸራው ላይ ሳያነሣ። «የወደብ ሰው ሥራው ጆንያ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ወፍ አላየሁም። ያየሁት ውሃ ብቻ ነው። ምን ያህል ጥልቅ ነው? አጎቴ ዘንጉን ሲከት አንዳንዴ በግማሹ ይቆማል፣ አንዳንዴ ጨርሶ ይገባና መሬት ያጣል። ጨፋ ውስጥ ዘንዶ አለ የሚባለውን ወሬ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ነው ያደግሁት፤ የሮቢት ሰው ሁሉ ጥጃ ሲዋጥ ያየ ዘመድ አለው። ዳር ላይ ደንገሉ ሲወዛወዝ፣ ነፋስ ይሁን ሌላ ነገር፣ እግሬን ወደ ላይ እሰበስባለሁ። አንድ ጊዜማ ወፍራም ጥቁር ነገር ከዳር ወደ ውሃው ሲንሸራተት አየሁ። ግንድ ይሁን ምን ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ለአጎቴ አልነገርኩትም፤ ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወደ ዳር እንዳንጠጋ በልቤ ወሰንኩ።

ሰውየውን ያየነው ከዚህ በኋላ ነው፤ አራት ሰዓት ቢሆን ነው። ሽርጡን እስከ ታፋው ጠቅልሎ፣ ከደንገሉ ፊት ለፊት ውሃ ውስጥ ቆሟል። የአርባ ዓመት ገደማ ሰው ነው፤ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሟል። ሲያየን አንድ እጁን ከፍ አድርጎ ያዘ፣ አላወረደውም። «አካም ቡልታኒ?» አለ በኦሮምኛ፣ እንዴት አደራችሁ ማለቱ ነው። አጎቴም በኦሮምኛ መለሰለትና ዘንጉን ወደ ዳር መትከል ጀመረ። ሊያቆም ነው። ዳሩ ደግሞ ያ ጥቁር ነገር የተንሸራተተበት ዳር ነው።

የአጎቴን ክንድ ያዝኩት። «በአላህ፣ እዚህ አትቁም። ከዚሁ ሰላም በለውና እንለፍ» አልኩት።

አጎቴ አመነታ። ሰው ሰላም እያለ አልፎ መሄድ ነውር ነው፤ በተለይ እሱ ለእንዲህ ያለው ወግ ጥንቁቅ ነው። እኔ ግን ክንዱን አልለቀቅሁትም፤ እንባዬም መጥቶ ነበር። ስለዚህ ዘንጉን ነቀለና እየተንሳፈፍን ሰላምታውን ቀጠለ። ቤተሰብ ደህና ነው? ደህና፣ አልሐምዱሊላህ። ከብቱስ? ደህና። አገሩ ሰላም ነው? ሰላም። ውሃውስ እንዴት ነው? ደህና ነው። ሰውየው ሁሉንም በዝግታ፣ በሥርዓቱ መለሰ፤ እሱም በተራው የእኛን ጠየቀ። እኛ እየራቅን እሱ በውሃው ውስጥ እየተከተለን ነበር። ከዚያ ነፋሱ ሸራውን ሞላውና ታንኳው ተወረወረ። ዞር ስል እጁ አሁንም ከፍ እንዳለ ነው፤ አፉ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፁ ግን አይደርስም። ሁሉ ነገር ደህና ነው ብሏል፣ ምን ቀረው አልኩት ለአጎቴ።

በእኛ አገር ሰላምታ ቅደም ተከተል እንዳለው ከተወለድኩ ጀምሮ አውቃለሁ። የመጀመሪያው መልስ ሁልጊዜ ደህና ነው። ቤቱ የተቃጠለበትም ሰው ደህና ይላል፤ የታመመም ደህና ይላል። ሰላምታው ሲያልቅ ትንሽ ዝም ይባልና፣ እንግዲህ ምን ወሬ አለ ሲባል ነው እውነተኛው ነገር የሚወጣው። ክፉ ወሬ ከሰላምታ አይቀድምም። ይህን ሥርዓት ያወጡ ሰዎች ግን ሁለቱም ወገኖች መሬት ላይ ቆመው እንደሚነጋገሩ ነው ያሰቡት። ሸራ ባለው ታንኳ እየተንሳፈፈ ሰላም የሚል ሰው በጨፋ ከእኛ በፊት አልነበረም።

የቀትሩ የዙሁር ሰላት ሰዓት ትንሽ እንዳለፈ ወፎቹ ሁሉ ባንዴ ተነሡ። አንዱ ሌላውን ተከትሎ አይደለም፤ ባንዴ ነው። ሰማዩ ነጭ ሆነ፣ ከዚያ ባዶ ሆነ። አጎቴ ማንጎራጎሩን አቆመ። ከላይ በኩል ብዙ የጭነት መኪና አንድ ላይ የሚመጣ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ፤ አስፋልቱ ግን በዚያ በኩል አይደለም። ደራሽ ውሃ ነው አለ አጎቴ፣ በጣም ቀስ ብሎ።

ውሃው እንደ ግድግዳ አልመጣም፤ እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ልናየው በቻልን። ከሥራችን ተነሣ። ታንኳው ከፍ አለ፣ ተሽከረከረ፤ ደንገሉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተኛ። ግንድ፣ ቅጠል፣ የሞተ ፍየል አለፈን። ሸራው ነፋሱን ይዞ ወደ አንድ በኩል ሲጎትተን ውሃው ወደ ሌላ ይጎትተናል፤ አጎቴ ገመዱን በጥርሱ ጭምር እየጎተተ ሊፈታው ታገለ። ከዚያ ውሃ ውስጥ ከቆመ ትልቅ ግራር ጋር ተላተምንና አንዱ በርሜል ተነቅሎ ሄደ። አጎቴ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገባ። የሸሚዙን ኮሌታ ያዝኩ። እንዴት እንደያዝኩት አላውቅም፤ የማስታውሰው ኮሌታው ሲቀደድ የሰማሁትን ድምፅና በሌላው እጄ ብብቱን መያዜን ነው። ወጣ። ሁለታችንም የግራሩን ቅርንጫፍ ከነእሾሁ አቀፍን።

እዚያ ምን ያህል ቆየን? አጎቴ ሁለት ሰዓት ያህል ነው ይላል፤ ለእኔ ግን ቁጥር የለውም። ገመዱ በየተራ እየላላ በርሜሎቹ አንድ በአንድ ከሥራችን ሄዱ። ውሃው ጡቴ ድረስ መጣ። ልብሴ ላይ ሸናሁ፤ ሙቀቱ ለአፍታ ደስ አለኝ፣ ይህንንም አልደብቅም። አጎቴ ሸሃዳውን፣ የእምነት ምስክርነቱን፣ ደጋግሞ ይል ነበር፤ መሐል ላይ ይቅር በዪኝ ልጄ ይለኛል፣ እንደገና ሸሃዳውን ይቀጥላል። እኔ ጸሎት እንኳ ጠፋብኝ። በአእምሮዬ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቴ ሬሳዬን ስታይ ፊቴን ዓሣ በልቶት እንዳይሆን።

ሰው ሲጣራ ሰማን። ከዳር በኩል ሁለት ሰዎች አንድ ትልቅ ቀይ በሬ እየነዱ ውሃው ውስጥ ገቡ። በእኛ በኩል ውሃው ጥልቅ ቢሆንም ሥሩ ጭቃ አልነበረም፤ በሬው እየዋኘ፣ አንገቱን ብቻ አውጥቶ፣ በኃይል እየተነፈሰ መጣ። አንደኛው ሰው ቀንዱ ሥር ይዞ፣ ሌላው ጭራው ላይ ተንጠልጥሏል። አጠገባችን ሲደርሱ ቀንዱን የያዘውን አወቅሁት፤ ያ ጠዋት ያለፍነው ሰው ነው።

ቅርንጫፉን መልቀቅ አልቻልኩም። ጣቶቼ እምቢ አሉ። ሰውየው አልተቆጣኝም፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈትቶ የበሬውን ጭራ እጄ ላይ ጠቀለለልኝ። «አትጎትቺው፣ እህቴ። ዝም ብለሽ ተንሳፈፊ፤ እሱ መንገዱን ያውቃል» አለኝ። አፌ ውሃ እየጠጣ፣ የበሬውን ቂጥ ብቻ እያየሁ ዳር ደረስሁ። ከዚያ ለአጎቴ ተመለሱ።

ዳር ላይ ካስመለስሁ በኋላ ሰውየው ጋቢውን አለበሰኝ። አጎቴ ሲመጣ ሰውየው የአጎቴን እጅ ስሞ ከተቀመጥንበት ትይዩ ቁጢጥ አለ። ሁለተኛው ሰው፣ ወንድሙ፣ በሬውን ይዞ ራቅ ብሎ ቆመ። ከዚያም ሰውየው ሰላምታውን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። እንዴት ዋላችሁ፣ ተረፋችሁ፣ አልሐምዱሊላህ። አጎቴም መለሰና ጠየቀው፤ ቤተሰብ ደህና? ደህና። ከብት ደህና? ደህና። ሰላምታው አለቀ፤ ሁላችንም ዝም አልን። አጎቴ ምን ወሬ አለ አለው።

የነገረን ይህን ነው። ጎህ ሲቀድ ሚስቱ ጥጃ ልትመልስ ስትሻገር የመጀመሪያው ደራሽ፣ ትንሹ፣ ወስዷት ረግረጉ መሐል ካለ የሾላ ግንድ ጋር አጣበቃት። ግንዱን ይዛ ትጣራ ነበር። ጠዋቱን ሙሉ ሊደርስባት ሞከረ፤ በዚያ በኩል ያለው ማጥ ሰው አያስኬድም፣ በሬውም እስከ ሆዱ ሰምጦ በስንት መከራ ነው የወጣው። ዳር ላይ ቆሞ አይዞሽ እያላት ሳለ የእኛን ሸራ አየ።

«አላህ የላከልኝ መስሎኝ ነበር» አለ። «ድምጿ እስከ ዙሁር ይሰማኝ ነበር። ኋላ ትልቁ ውሃ መጣ።»

አጎቴ ራሱን ይዞ አለቀሰ። ለምን ወዲያው አልነገርከንም፣ ለምን አልጮህክም አለው። ሰውየው ጥያቄው የገባው አልመሰለኝም። «በሰላምታ ላይ እንዴት ሰው አስደነግጣለሁ፣ አያ? ትቆማላችሁ ብዬ ነው» አለ። ከዚያ፣ በኋላ መጮሁን፣ ነፋሱ ግን ድምፁን እንደመለሰበት ጨመረ። አጎቴ ወደ እኔ አላየም። ነፋሱ ነው የወሰደን አለው። አዎ፣ ኃይለኛ ነፋስ ነበር አለ ሰውየው።

ያን ቀንና በማግስቱ ዋና የማይችለው አጎቴ ከመንደሩ ሰዎች ጋር እስከ አንገቱ ውሃ ውስጥ እየገባ ፈለጋት። እኔ ዳር ቆሜ ነበር። በሦስተኛው ቀን አስከሬኗ ተገኘ።

ለሟቿ ሰደቃ ከአጎቴ ጋር ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ለሰውየው እነግረዋለሁ ብዬ ወስኜ ነበር፤ የአጎቴን ክንድ ይዤ እንዳያቆም ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ ነፋሱ የመጣው በኋላ ነው እለዋለሁ። ሰውየው ሲያየን ከተቀመጠበት ተነሥቶ መጣ። እናትሽ ደህና ናት? ደህና፣ አልሐምዱሊላህ። ተማሪዎችሽ? ደህና። ጤናሽ፣ ከድንጋጤው ተሻለሽ? ተሻለኝ፣ ደህና ነኝ። ጠይቆ ጨረሰ። እንደ ወጉ ትንሽ ዝም አለና፣ እንግዲህ ምን ወሬ አለ አለኝ።

ምንም፣ ሰላም ነው አልኩት።